ቅርፊት ያለው ጠበል

ተጠራጣሪ ናት ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ግብዣ ተጠርቼ ስሄድ የቀረበልኝን ከመቅመሴ በፊት «ይህ ከምንድነው የተሠራው?» እላለሁ። የቤቱ እመቤት ቅር ሲላት አያለሁ፤ ቢሆንም እጠይቃለሁ። ልጆቼ ያፍሩብኛል፣ ምራቶቼ በጎን ይጠቃቀሳሉ። ዛሬ ይህን አመል ያመጣብኝን ነገር ከሥሩ ልጻፈውና ፍርዱን ለእናንተ ልተው።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ አንኮበር ጎረቤላ ነው። እኔ ያኔ ከደብረ ብርሃን ተድሬ የመጣሁ፣ ከአገሩ ሰው ገና ያልተላመድኩ ሙሽራ ነበርኩ። ባለቤቴ ታደሰ በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ሚስቱ የሞተችበት ነጋዴ ነው። ከደጋው የሱፍ ባና እና በርኖስ እየገዛ ወደ አሊዩ አምባ ገበያ ያወርዳል፤ ከዚያ ጤፍና በርበሬ ጭኖ ይወጣል። ከሟች ሚስቱ የወለዳት የሺ የምትባል ልጅ ነበረችው። የፊት ጥርሷ መነቃነቅ የጀመረ፣ ዓይኗ ፊቷን የሞላው ትንሽ ልጅ። እኔ ለእሷ ማን እንደሆንኩ ገብቷችኋል፤ የእንጀራ እናት። ይህን ቃል ሰው ሲሰማ ገና ሳያውቃችሁ ፊቱን ያጠቁራል።

እኔ ስገባ የሺ ታማ ነው ያገኘኋት። ሆዷ ይነፋል፣ እጅና እግሯ ቀጥኗል፣ ተቅማጡ አይቆምም። በእኛ ደጋ ልጅ የሚያድገው በገብስ ነው። በሶ፣ ጭኮ፣ ገንፎ፣ ቆሎ፣ ሁሉም ገብስ ነው። እኔም ትጠንክርልኝ ብዬ ቅቤ አብዝቼ የገብስ ገንፎ አጎርሳታለሁ። እሷ ደግሞ ባጎረስኳት ቁጥር ትከሳለች። ጎረቤቶቼ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ግን የሺን ባዩ ቁጥር ቀጥለው የሚያዩት የእኔን እጅ ነበር።

በመጨረሻ ታደሰን ለምኜ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ የሚናገረውን ረዳቱ ድሬሰር ይተረጉምልናል። ፈረንጁ ሆዷን ነካክቶ፣ ምን እንደምትበላ ጠይቆ ተናገረ።

«ስንዴ ለዚች ልጅ መርዝ ነው ይላል» አለ ድሬሰሩ። «ገብስም እንደዚያው። ቁራሽ እንኳ ትጎዳታለች። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ባቄላ፣ አተር ትብላ።»

«እስከ መቼ?» አለ ታደሰ።

«ዕድሜዋን ሙሉ።»

ታደሰ ሳቁ አመለጠው። «የአንኮበር ልጅ ገብስ አትብላ? ታዲያ ምን ልትሆን ተወለደች?»

እኔ ግን አልሳቅኩም። የእነዚያን ጎረቤቶች ዓይን ከእጄ ላይ የማነሳበት መንገድ ከተገኘ ጤፍ አይደለም ድንጋይ ፈጭቼ እጋግር ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። ገብስ የነካውን ምጣድና እንስራ ሁሉ አወጣሁ። እርሾ ከጎረቤት መዋስ ተውኩ፤ የማን ሊጥ እንደነበረ በምን አውቃለሁ? ወፍጮ ቤት መሄድም ቀረ። ከእኔ በፊት ስንዴ ያስፈጨ ሰው ዱቄቱን ወፍጮው ውስጥ ትቶልኝ ይሄዳል ብዬ የየሺን ጤፍ በእጄ ፈጨሁ። ሽሮና በርበሬ ከገበያ መግዛት ተውኩ። ታደሰ ከመንገድ ሲመጣ ሰላም ከማለቴ በፊት ኪሱን እገለብጣለሁ፤ የቆሎ ፍሬ እንዳይኖር። «የገዛ ቤቴ ኬላ ሆነብኝ» እያለ ያጉረመርማል።

አንድ ጊዜ አብሬው አሊዩ አምባ ወርጄ ጤፍ የምትሸጥልንን ከድጃን ጆንያውን ገልብጪ አልኳት።

«ወላሂ ጤፍ ብቻ ነው!» አለችኝ።

«ጤፍ መሆኑንማ አያለሁ። ከጤፉ በፊት ጆንያው ውስጥ ምን ነበረ?»

«አንቺ ሴት፣ የምትገዢው ጤፍ ነው ወይስ ጆንያ?»

ከልቧ ስቃ ገለበጠችልኝ። ከዚያ ወዲህ የእኔን ጤፍ በሌላ አዲስ ጆንያ ለብቻ ታስቀምጥልኝ ነበር።

የሺ ዳነች። ሆዷ ጎደለ፣ ጉንጯ ሞላ፣ ከልጆች ጋር መሮጥ ጀመረች። አንድ ቀን ማታ ጉልበቴ ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት ቀና ብዬ እንኳ መተንፈስ ፈራሁ፤ እንዳልቀሰቅሳት። የሰው ልጅ እንደዚያ እወዳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ችግሩ ያ «መርዝ» የሚለው ቃል ነው። ታደሰ ለወዳጆቹ ሲያወራ «ስንዴ መርዝ ነው አለን» ብሏል። ወዳጆቹ ለሚስቶቻቸው «መርዝ ነው አለ» ብለዋል። ቃሉ ከገበያ ገበያ ሲዞር ስንዴው መንገድ ላይ ወድቆ ቀረና መርዙ ብቻውን መዘዞ የሚባል አገር ደረሰ።

እዚያ ደግሞ የሟቿ የታደሰ ሚስት ታላቅ እህት፣ የየሺ አክስት እትዬ በላይነሽ ይኖሩ ነበር።

የመጡት ፍልሰታ የገባች ዕለት ነው። ዝናቡ ያካፋል፣ ጉሙ ከገደሉ ሥር ወጥቶ በር ድረስ ደርሷል። ጋቢያቸው ርሷል።

«እንደምን ዋሉ እትዬ፣ ይግቡ» አልኩና ዘንቢላቸውን ልቀበል እጄን ዘረጋሁ። ዘንቢሉን ወደ ኋላ አሸሹት።

«ልጄን አምጪያት።»

የሺ ሮጣ መጣች። እትዬ በላይነሽ ቀሚሷን ገልበው ሆዷን ነኩ፤ የዓይኗን ቆብ ገልበጥ አድርገው አዩ።

«ደኅና መስላለች» አሉ፣ ቅር እንዳላቸው ሁሉ።

«ደኅና ናት እትዬ። ሐኪሙ እንዳለው አድርገን…»

«ሐኪሙ ያለውንማ መዘዞ ድረስ ሰምተናል። ከሆዷ መርዝ አግኝቷል አይደል?»

ወደ እሳቸው ጠጋ አልኩ። «መርዝ ያለውኮ ስንዴውን ነው!»

«ስንዴን?» እትዬ በላይነሽ ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ስንዴ ሰው የሚገድለው የት አገር ነው?»

ያን ቀን ከመሶቤ አልቀመሱም። በሶ ይዣለሁ አሉ። ውኃውን እንኳ ራሳቸው ቀድተው ጠጡ። ማታ ታደሰን ለብቻው አነጋገሩትና የሺን ፍልሰታውን በሙሉ ጠበል ሊያስጠምቋት ቆረጡ። መርዙን ጠበል ያወጣዋል ነው ነገሩ። እኔ ጠበሉን አልጠላሁትም። ውኃ ነው፣ የተባረከ ውኃ፤ ምን ያደርጋታል? ነገር ግን አንድ ነገር ሳልናገር አልቀረሁም።

«እትዬ፣ አደራዎን። ከስንዴና ከገብስ የተሠራ ነገር በአፏ እንዳይዞር።»

«እዚያ ምን ላበላት ነው? የምወስዳት ለጠበል ነው አልኩሽ።»

በነጋታው ማለዳ ይዘዋት ወጡ፤ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እንዲሁ ነው። ከጠበሉ ቦታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጥተው ቅዳሴ ያስቀድሳሉ፤ ከዚያ ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። የሺ የምትበላውን ጤፍ እንጀራ በሽሮ እኔ አዘጋጅቼ ቤት እጠብቃታለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደኅና ነበሩ። ከዚያ የሺ ማታ ማታ ሆዷን መያዝ ጀመረች። ከዚያ ተቅማጡ መጣ። ሆዷ እንደ ድሮው ተነፋ።

«የሺዬ፣ ዛሬ ምን ቀመስሽ?» እላታለሁ ስትመጣ።

«ጠበል።»

«ከጠበል ሌላስ?»

«ምንም።»

ልጅቷ ውሸት አታውቅም። እሷ ካልዋሸች ስህተቱ ከቤቴ ነው ብዬ ቤቴን በረበርኩ። ጤፉን በእፍኝ እያወጣሁ በሰፌድ ላይ ዘረጋሁት፤ አንዲት የስንዴ ፍሬ አላገኘሁም። ሽሮውን አቅርቤ አሸተትኩት። የወፍጮውን ድንጋይ ሌላ ሰው ፈጭቶበት ይሆናል ብዬ ዙሪያውን በጣቴ ዳሰስኩ። ታደሰን እንኳ ጠረጠርኩት፤ ልጁ ስታለቅስበት አንጀቱ አልችል ብሎ ዳቦ ሰጥቷት ይሆን? «በልጄ እምላለሁ» አለኝ። እሱም አይዋሽም።

እትዬ በላይነሽ ደግሞ እኔን እያዩ ነው። ማታ የሺ እንጀራ ስትቆርስ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው እያንዳንዱን ጉርሻ በዓይናቸው ይከተላሉ። ገና ከመብላቷ ሆዷን ስትይዝ ፊታቸው ላይ «አልኩሽ አይደል» የሚል ነገር ይነበብ ነበር። ጠዋት ጠበል ጠጣች፣ ማታ የእኔን እንጀራ በላች፣ ታመመች። ሰው ይህን አይቶ የሚጠረጥረው የትኛውን ነው? ጠበሉን አይደለም።

እኔ ደግሞ እሳቸውን ጠረጠርኩ። ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ልጅቷ ካልታመመች እኔን ከዚህ ቤት ማስወጣት አይችሉም። ውጪ የነበሩ ጊዜ ዘንቢላቸውን ከፈትኩት። አንድ የበሶ ከረጢት አገኘሁ። የገብስ በሶ!  «ይኸው!» ልል አፌን ከከፈትኩ በኋላ ግን ተውኩት፤ ለራሳቸው ጾም መፍቻ ይዣለሁ ብለው ነበር፣ ይህን ማን ይከለክላል? የከረጢቱን ክር ፈትቼ በራሴ አስተሳሰር፣ ማንም ቢፈታው በማውቀው ዓይነት ቋጠርኩት። የሺ ያን ቀን ከሌላው ቀን ይልቅ ባሰባት። ማታ ሄጄ ሳይ ቋጠሮው እንዳለ ነው። እሳቸውም ራሳቸው ያን ቀን አልቀመሱትም ማለት ነው። ታዲያ ከየት?

በነጋታው ተከትዬአቸው ሄድኩ። የታደሰን በርኖስ ደርቤ፣ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ፣ ጉሙ ውስጥ ከኋላቸው ወረድኩ። ጠበሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ፣ ከአለት ሥር ነው የሚፈልቀው። ሰው ብዙ ነበር። የሺ ከውኃው በታች ቆማ ስትጮህ አየኋት፤ እንዳልሮጥ እግሬን ይዤ ቆምኩ። እትዬ በላይነሽ በጣሳ ቀድተው አጠጧት። ዓይኔን ከእጃቸው አልነቀልኩም። ከዚያ ሲያልፉ ወደ ጣሳው ሄጄ አንስቼ አሸተትኩት፤ ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት። ከኋላዬ የቆመች ሴት «ጠበል በጣት ይቀመሳል እንዴ? ትንሽ ቀዳ አድርጊና ጠጪው እንጂ!» አለችኝ። ውኃ ነው። ንጹሕ፣ ጥርስ የሚያደነዝዝ ውኃ።

ዞር ብዬ ሳይ እትዬ በላይነሽ ጋቢያቸውን አውልቀው የሺን ጠቅልለዋታል። ራሳቸው በስስ ቀሚስ ዝናብ ላይ ቆመው ይንቀጠቀጣሉ። የሺን ደረታቸው ላይ አጣብቀው «አይዞሽ የእህቴ ልጅ፣ አይዞሽ የእህቴ ሽታ» ይሏታል። ክፉ ሰው ላገኝ ሄጄ እንደዚያ ሳይ ተናደድኩ፤ አዎ፣ ተናደድኩ። ምክንያቱም እሳቸው ካልሆኑ እኔ ብቻ ቀረሁ። ደወል ተደወለ፣ ሰዉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣ። እኔ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ብጠብቅ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ነገር ባልነበረኝ።

ፍልሰታ ልትፈታ ስትቃረብ የሺ ከመኝታ ለመነሳት ደጋፊ የምትፈልግ ሆነች። እትዬ በላይነሽ ሽማግሌ ጠሩ። ከሰዓት በኋላ፣ ቅዳሴ እንዳለቀ፣ የልጅቷ የነፍስ አባት መምሬ ኃይሌና ሁለት የታደሰ ዘመዶች ቤታችን መጥተው ተቀመጡ። መምሬ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ስለመጡ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ነበር፤ ከጎናቸው አስቀመጡት።

«ልጄን ወደ መዘዞ ልወስድ ነው» አሉ እትዬ በላይነሽ። «እዚህ ከቆየች ትሞትብኛለች።»

«መዘዞ ምን ትበላለች?» አልኩ።

«ልጆቼን ያሳደግኩበትን። በሶ፣ ገንፎ። እህቴ ያደገችበትን።»

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ሁሉ አላስታውስም። ገደላችኋት፣ ገብስ ታበሏታላችሁ፣ ይህን ክረምት አትወጣውም እያልኩ ጮህኩ መሰለኝ። መምሬ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙኝ።

«ሁለታችሁም ትምላላችሁ» አሉ። «አንቺ በላይነሽ፣ ከዚህ ቤት ውጭ ለልጅቷ ምን ሰጠሻት?»

እትዬ በላይነሽ የመምሬን መስቀል ይዘው ተነሡ። «በእመቤቴ ማርያም! ፍልሰታ ከገባች ጀምሮ ከጠበል በቀር በእኔ እጅ በአፏ የገባ ነገር የለም። ዋሽቼ ከሆነ ልጆቼን አያሳድግልኝ።»

እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ወረደ። ያ መሐላ የውሸት እንዳልሆነ ልቤ አወቀ፤ ለዚህም ነው ይበልጥ የፈራሁት።

«አንቺስ?» አሉኝ።

መስቀሉን ያዝኩ። «በዚህ ቤት ስንዴም፣ ገብስም፣ ሌላም ክፉ ነገር አላበላኋትም። ካበላኋት እኔም አልውለድ።»

አንደኛው የታደሰ ዘመድ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ሁለቱም ማሉ። ልጅቷ ግን እየሞተች ነው። ከሁለቱ አንዷ ዋሽታለች።»

ማንም አላየኝም። ሁሉም መሬት መሬት አዩ።  ታደሰ እንኳ ጣቶቹን ይነካካል። መምሬ በለዘበ ድምፅ ልጅቷ ለጊዜው ከአክስቷ ጋር መዘዞ ትሂድ፣ እኔም ነገሩ እስኪጠራ ደብረ ብርሃን ወላጆቼ ዘንድ ልቆይ አሉ። «ለጊዜው» የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። የእናቴ ቤት በር እንኳ ዓይኔ ላይ መጣ፤ «መርዘኛ ናት ተብላ የተመለሰች» የሚሉትን የሰፈሩን ሴቶች ጭምር። ከዚያ ሁሉ ይልቅ ግን የየሺ ጉልበቴ ላይ መተኛት ትዝ አለኝ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ መምሬ፣ የጉባኤውን ቅሬታ ለማለዘብ ይመስላል። «ከጠበሉ ቅመሱና እንነሳ። ታማሚዋንም አምጧት።»

ከጎናቸው ያለውን ነጠላ ፈቱት። ከውስጡ ዳቦ ወጣ።

እትዬ በላይነሽ የሺን ከመኝታዋ አንስተው አቅፈው አመጧት። መምሬ «በስመ አብ» ብለው ቆርሰው ለየሺ ዘረጉላት። የሺ፣ ለምዳው፣ እጇን ዘርግታ ተቀበለች። ከዚያ ፊቷን ወደ አክስቷ አዙራ እንዲህ አለች፦

«እትዬ፣ መሃሉን ስጪኝ። የጠበሉ ቅርፊት ጥርሴን ያሳምመኛል።»

ይህን ዓረፍተ ነገር የሰማሁበትን ደቂቃ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ጆሮዬ ቃሉን ደጋገመው። የጠበሉ ቅርፊት። ውኃ ቅርፊት አለው እንዴ? ዳቦውን አየሁ፣ የሺን አየሁ፣ ዳቦውን አየሁ። ልጅቷ ቁራሹን ወደ አፏ ስታነሳ ዘልዬ ከእጇ ነጠቅኳት።

ቤቱ ተናወጠ። «ጠበል ከሕፃን አፍ ነጠቀች!» አለ አንደኛው ዘመድ። ታደሰ ክንዴን ያዘኝ። እትዬ በላይነሽ «አያችሁ? አያችሁ?» አሉ። የሺ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ያን ቁራሽ በደረቴ ላይ ይዤ መምሬን ብቻ አየሁ።

«መምሬ፣ ይህ ምንድነው?»

«ጠበል ነው እንጂ!» አሉ እትዬ በላይነሽ።

«ጠበል መሆኑን አላጣሁትም። ከምን ዱቄት ነው የተጋገረው?»

መምሬ በእጃቸው የቀረውን ዳቦ አገላብጠው አዩ። ልብ ሲያደርጉት ፊታቸው ቀስ እያለ ሲለወጥ ታየኝ።

«…የስንዴ» አሉ።

«በየቀኑ ነበር?»

«ምእመናን በየተራ ያመጣሉ… ቅዳሴ ሲያልቅ ነው የሚታደለው… እኔ ራሴ ነኝ የቆረስኩላት።»

 እትዬ በላይነሽ ግን ገና አልገባቸውም ነበር። አንዴ ቁራሹን፣ አንዴ እኔን ያያሉ።

«ጠበልኮ ነው» አሉ፣ አሁን በለሆሳስ። «ጠበል እህል ይባላል እንዴ?»

ከዚያ ራሳቸው ገባቸው።  ቁጭ ሲሉ አየሁ፤ ወንበር ላይ አይደለም፣ የቆሙበት መሬት ላይ። የሺን ከእቅፋቸው ሳይለቁ።

«ሆዷ አልቆም ብሏት ከቁርባን ቀረች» አሉ። «ቁርባን ቢቀርባት ጠበሉ እንኳ አይቅርባት ብዬ… ትልቁን ቁራሽ እየመረጥኩ… መሃል መሃሉን እየቆረስኩ…»

ስንት ቀን ሙሉ እኚህን ሴት መሬት ላይ ተደፍተው ላያቸው ስመኝ ነበር። ሲሆን ግን አንድ ጠብታ ደስታ አላገኘሁበትም። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የየሺን እግር ያዝኩ፤ እሳቸው ደግሞ የእኔን እጅ ያዙ። ሁለታችንም እውነት ምለን ነበር። በአንዲት ቃል መሃል ውኃና ዳቦ አብረው እንደሚያድሩ ማናችንም አላሰብንም።

መምሬ ኃይሌ ሲወጡ በሩ ላይ ቆሙ። «ከነገ ጀምሮ» አሉኝ፣ «ከጤፍሽ ቂጣ ጋግረሽ አምጪልኝ። ለየሺ ለብቻ እባርከዋለሁ። የሚባረከው በቃሉ ነው እንጂ በስንዴው አይደለም።» ስለ ቁርባኑ የምትጠይቁኝ ትኖራላችሁ፤ እሱ በእሳቸውና በእኛ ቤት መካከል የተጨረሰ ጉዳይ ነው፣ እዚህ አልጽፈውም።

እትዬ በላይነሽ ፍልሰታ ከተፈታች በኋላም አልሄዱም። የሺ እስክትነሳ ድረስ ከእኔ ጋር ቆዩ። የሚገርማችሁ ከእኔ ብሰው ተጠራጣሪ ሆኑ። ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ሲመጣ በሩ ላይ ተቀብለው ፍሬ በፍሬ ይለቅማሉ። ታደሰ ከመንገድ ሲመጣ ኪሱን የሚገለብጡት እሳቸው ናቸው። «ኬላው ሁለት ሆነ» እያለ ይስቅ ነበር፤ እኔም ስስቅ የቤቱ ጣሪያ ቀለል ያለኝ ያን ጊዜ ነው። መዘዞ ሲመለሱ ከመሶቤ በልተው ሄዱ።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡኝ፣ ያ ፍልሰታ ምን እንደለወጠብኝ ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት ጥርጣሬ ማለት ክፉ ሰው መፈለግ ይመስለኝ ነበር። ዘንቢል መክፈት፣ ቋጠሮ መቋጠር፣ ጉም ውስጥ መከተል። እኔ ክፉ ሰው ስፈልግ፣ እሳቸውም ክፉ ሰው ሲፈልጉ፣ ልጅቷ በሁለታችን ፍቅር መሃል ልትሞትብን ነበር። አሁን ሰውን አልጠረጥርም፤ የምጠረጥረው ቃሉን ነው። «ጠበል ነው» ሲሉኝ «የሚጠጣው ወይስ የሚበላው?» እላለሁ። «ጤፍ ነው» ሲሉኝ «ጤፍ ብቻ?» እላለሁ። ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። ከማንም ጋር ግን ተጣልቼ አላውቅም፤ የሺም ይህን ጥያቄ ከእኔ ተምራ ለልጆቿ አስተምራለች። የመጨረሻ ልጇ እንደ እሷ ሆዱ ስንዴ የማይወድ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከብዙ ዓመት በኋላ እትዬ በላይነሽ ሞቱ። ለተዝካራቸው ከየሺ ጋር መዘዞ ሄድን። የገብስ አገር ነው፤ ዳቦው፣ ጠላው፣ ቆሎው ሁሉ ተደርድሯል። የሺ ልጇን አዝላ ከጥግ ተቀምጣለች፤ እንደ ልማዷ አንድም ነገር አልነካችም። የእትዬ በላይነሽ ምራት በሰዉ መሃል አልፋ ወደ እኔ መጣች። በንጹሕ ነጠላ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር ይዛለች።

«የየሺ የእንጀራ እናት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«እማማ ጤፉን ለብቻ አስቀምጠውት ነበር። ሲሞቱ እንዲህ አሉን፤ ‹ይህ የየሺ ጠበል ነው፣ በንጹሕ ድንጋይ ፈጭታችሁ ለብቻ ጋግሩት። ደግሞ እናንተ እንዳትሰጧት። ከእንጀራ እናቷ እጅ ብቻ ትቀበል።›»

ተቀበልኳት። በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ከምንድነው የተሠራው ብዬ አልጠየቅኩም። ፈትቼ ቆረስኩና ለየሺ ዘረጋሁላት። የጎልማሳ ሴት ፊቷ በእንባ ርሶ፣ ፈገግ አለችና እጄን ያዝ አደረገችው።

«መሃሉን» አለችኝ።